የደሴና የኮምቦልቻ የልማት ገንዘብ

ደሴ እና ኮምቦልቻ በአማራ ክልል ደቡብ ወሎ የሚገኙ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ከተሞች ናቸው። እንደ ሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ለትምህርትና ለጤና ከክልሉ በጀት ይመደብላቸዋል። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይና ቆሻሻ ማንሳትን የመሳሰሉ የማዘጋጃ ቤት ሥራዎች ግን በአብዛኛው ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገቢ ይሠራሉ። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ሲቋረጥ ቀድመው የሚጎዱትም እነዚህ ናቸው።

በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው በዓለም ባንክ የሚደገፍ የከተሞች ልማት ፕሮግራም ክፍተቱን ለመሙላት ረድቷል። ፕሮግራሙ በ2010 ዓ.ም. ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ወደ 117 ከተሞች ሰፋ። ገንዘቡ በየዓመቱ በሚደረግ የአፈጻጸም ምዘና የሚለቀቅ ሲሆን ከተሞች የራሳቸውን ድርሻ ይጨምሩበት ነበር። የድጋፉ ጊዜ ግን የተወሰነ ነበር።

ጦርነቱ ችግሩን በሁለት በኩል አከበደው። ከተሞቹ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በህወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ቆይተው መንግሥት መልሶ መያዛቸውን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። የደሴ ሆስፒታል፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። የጥገናው ወጪ በበዛበት ሰዓት ግብር የሚከፍሉት ድርጅቶች ራሳቸው ቆመው ነበር።

== ምትክ የገቢ ምንጮች ==

አንዱ ምንጭ የመሬት ሊዝ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተጣበበች ስለሆነች ለሊዝ የምታቀርበው ሜዳ ጥቂት ነው። ኮምቦልቻ በተቃራኒው ሜዳ፣ ደረቅ ወደብና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ሆኖም ፓርኩ የፌዴራል ነው፤ ባለሀብቶቹም ለዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ ይሆናሉ። ሠራተኞቹ የሚፈልጉት ቤት፣ ውኃና መንገድ ግን ጊዜ አይሰጥም።

በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ የተሻለ ተስፋ ይዟል፤ ሊዝ መሬት ሲያልቅ ይነጥፋል፣ የቤት ግብር ግን በየዓመቱ ይከፈላል። ለዚህ ግን እያንዳንዱ ይዞታ ተመዝግቦ መገመት አለበት።

የሕዝብ መዋጮም አለ። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ) በአባላት መዋጮ ትምህርት ቤት ይሠራል፤ ከዘረፋው በኋላም የአገር ውስጥና የውጭ ለጋሾች ለሆስፒታሉ ዕቃ አሰባስበዋል። ሰው ግን በቀላሉ የሚያዋጣው ለሚታይ ነገር ነው፤ ለቦይ ጥረጋ የሚያዋጣ ማግኘት ከባድ ነው። ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ የሚወርደው የቦርከና ወንዝ ላይኛው ከተማ ያልጠረገውን ለታችኛው ያደርሳል፤ የጽዳቱ ወጪ ከየትኛው ከተማ በጀት እንደሚወጣ ደግሞ መዋጮ አይወስንም።