ስለ ሞተር የኮምፒዩተር ምርመራ፤ ለጥገና ወጪ ፈቃድ ለሚሰጡ ሁሉ

በምዕራብ ጎጃም፣ ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላምም እስከ ቡሬና ወንበርማ ባለው ለም አገር፣ በቆሎው በሚሰበሰብበት፣ ስንዴውና ጤፉ በሚታጨድበት ወራት አንድ ትራክተር ወይም አንድ የጭነት መኪና ሳይታሰብ ቢቆም፣ ጉዳቱ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። እህሉ በማሳ ላይ ሳለ ያለ ወራቱ የመጣ ዝናም ይደርስበታል፤ ማዳበሪያው በመጋዘን ሳለ የመዝሪያው ቀን ያልፋል፤ የጤና ጣቢያው መኪና ቆሞ ሳለ ሕመምተኛው በቃሬዛ ይመጣል። ቡሬም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወርደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ስለ ሆነች፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የዘይት ፋብሪካም በእርሷ ስላሉ፣ የመኪና ነገር ከእርሻ ነገር ተለይቶ የሚታይ አይደለም። የሞተር ጉዳይ የጋራዥ ሰዎች ጉዳይ ነውና ለእነርሱ እንተወው ማለት አይገባም። የጥገናውን ወጪ በፊርማው የሚፈቅደው አስተዳዳሪው ነው፤ የሚፈቅደውም ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባዋል።

በቀድሞው ዘመን የተሠራ ሞተር ሲታመም ሕመሙ የሚታወቀው በጆሮ፣ በዓይንና በአፍንጫ ነበር። መካኒኩ ድምፁን ያዳምጣል፤ የጢሱን መልክ ያያል፤ ነዳጁን ያሸታል። ይህ ጥበብ ዛሬም አልተሻረም። ነገር ግን ካለፉት 30 ዓመታት ወዲህ በተሠሩት መኪናዎች በአብዛኞቹ ውስጥ ሞተሩን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር አለ፤ በየጋራዡ ኢሲዩ ይሉታል። ይህ ኮምፒዩተር በሞተሩ ልዩ ልዩ ክፍል በተተከሉ ሴንሰሮች አማካይነት የውኃውን ሙቀት፣ የሚገባውን አየር መጠን፣ የነዳጁን ግፊትና የሞተሩን ዙር በየቅጽበቱ ይሰማል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ኖዝል ነዳጁን መቼና ምን ያህል እንዲረጭ ያዝዘዋል። ከሚጠብቀው የተለየ ነገር በሰማ ጊዜ፣ በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምስል ያለበትን ቢጫ መብራት ያበራል፤ የሰማውንም በቁጥር ጽፎ ያኖራል። ምርመራ የምንለው ይህን ጽሑፍ ማንበብ ነው።

ነገሩ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። የጀርመኑ የቦሽ ኩባንያ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ለቮልስዋገን የሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ነው፤ እኛ በየመንገዱ የምናውቃት ቮልስ ግን በካርቡራቶር የምትሄደው እኅቱ ናት። በ1986 ያው ኩባንያ በአንድ መኪና ውስጥ ያሉ ኮምፒዩተሮች በ2 ሽቦ ብቻ የሚነጋገሩበትን ሥርዐት አወጣ። ከዚያም የአሜሪካ መንግሥት የአየርን መበከል ለመከላከል ሲል፣ ከ1996 ጀምሮ በአገሩ የሚሸጥ አነስተኛ መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬትና አንድ ዓይነት የቁጥር ቋንቋ እንዲኖረው አስገደደ፤ የአውሮፓም መንግሥታት ለቤንዚን መኪና ከ2001፣ ለናፍታ መኪና ከ2004 ወዲህ ይህንኑ ተከተሉ።

መኪና ሁሉ ግን እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ያለው እንዳይመስለን። በየወረዳው የሚሠሩት ብዙ አሮጌ ላንድ ክሩዘሮች፣ ይልቁንም 1 ኤች ዜድ የሚባለው ሞተር ያላቸው፣ የናፍታ ፓምፓቸው ያለ ኮምፒዩተር ትእዛዝ በራሱ መዘውር የሚሠራ ነው። እንዲህ ላለው ሞተር የኮምፒዩተር ምርመራ ዋጋ የሚጠይቅ ደረሰኝ ቢቀርብ፣ ከመክፈል በፊት ምን እንደ ተመረመረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሥራው አካሄድ ይህን ይመስላል። አስቀድሞ ቁልፉ ይዘጋል። ከመሪው በታች በሹፌሩ ጉልበት አጠገብ በ2 ረድፍ 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት ይገኛል፤ ከነዚህም 16ኛው ከባትሪው የሚመጣው ኃይል፣ 4ኛውና 5ኛው ኔጋቲቭ፣ 6ኛውና 14ኛው በአዲሶቹ መኪናዎች ኮምፒዩተሩ የሚናገርባቸው ሽቦዎች ናቸው። አዳፕተሩ በዚህ ላይ ይሰካና በገመድ ወይም በብሉቱዝ ከላፕቶፕ ወይም ከስልክ ጋራ ይገናኛል። ከዚያም ሞተሩ ሳይነሣ የዳሽቦርዱ መብራቶች እስኪበሩ ድረስ ቁልፉ ይዞራል፤ ፕሮግራሙ ይከፈታል፤ የተገኙት ቁጥሮች ከማናቸውም ሥራ በፊት በወረቀት ይገለበጣሉ።

አንድ ነገር በብርቱ ይጠንቀቁ። የአነስተኛ መኪና ኤሌክትሪክ 12 ቮልት ሲሆን የብዙ ጭነት መኪናዎች 24 ቮልት ነው። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ አዳፕተር በ24 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል፤ ጉዳቱም እስከ ላፕቶፑ ሊደርስ ይችላል። በከባድ መኪናና በትራክተር ላይ ደግሞ ሶኬቱ ብዙ ጊዜ ክብ ሆኖ 9 ቀዳዳ ያለው ነው፤ ቋንቋውም ሌላ ስለ ሆነ የአነስተኛ መኪና አዳፕተር ሊያነበው አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። እንደ ዋሸራ ያሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት በጎጃም ሰምና ወርቅ ምን እንደ ሆነ ለማንም ማስረዳት አያሻም። ኮምፒዩተሩ የሚሰጠው ቁጥር ሰሙ ነው፤ ወርቁን የሚያወጣው መካኒኩ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ቁጥሩ የጠቀሰውን ዕቃ ሁሉ ነቅሎ አዲስ ይተካል፤ ገንዘቡም ያልቃል፤ መብራቱም ተመልሶ ይበራል።

ለምሳሌ ፒ 0087 የሚባለውን ቁጥር እንውሰድ። ትርጓሜው የናፍታው ግፊት ከሚፈለገው አንሷል ማለት ነው። አዲሶቹ የናፍታ ሞተሮች ነዳጁን በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ አጭቀው የሚይዙ ሲሆኑ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግፊቱ 300 ባር ገደማ፣ ሲጫን ግን ከ1000 ባር በላይ ይሆናል። ቁጥሩ ፓምፓው ሞቷል አላለም። ግፊቱ ያነሰው ፊልትሮው ስለ ተደፈነ፣ ናፍታው ውኃ ስላለበት፣ ከታንከሩ በሚመጣው ቧንቧ አየር ስለሚገባ፣ ኖዝሉ ስለሚያፈስ ወይም ግፊቱን የሚለካው ሴንሰር ስለ ተበላሸ ሊሆን ይችላል። በገጠራችን ናፍታ በበርሜልና በጀሪካን ሲገላበጥ አቧራና ውኃ እንደሚገባበት የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አስተዋይ መካኒክ በጥቂት ብር ከሚገዛው ፊልትሮ ይጀምራል። ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ በኮምፒዩተሩ ላይ 2 ቁጥሮችን ጎን ለጎን ያያል፤ አንደኛው ኮምፒዩተሩ ያዘዘው ግፊት፣ ሁለተኛው በእውነት የተገኘው ግፊት ነው። ሁለቱ የሚለያዩት ሞተሩ ሲጫን ብቻ እንደ ሆነና በዝግታ ሲዞር ግን የሚስማሙ እንደ ሆነ፣ የነዳጁ መንገድ መጥበቡን አስቀድሞ መጠርጠር ይገባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የፓምፓው ነገር የሚነሣው፤ የፓምፓው ዋጋ ከፊልትሮው ዋጋ ጋራ የሚነጻጸር አይደለምና።

ሌላም አለ። ሞተሩ በቡሬ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሳለ ኮምፒዩተሩ የውኃው ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነው ቢል፣ በጎጃም እንዲህ ያለ ብርድ አይታወቅምና ይህ የብርድ ወሬ አይደለም፤ የሴንሰሩ ሽቦ ተበጥሷል ወይም ሶኬቱ ወልቋል ማለት ነው። መኪናው በእህል ጎተራ አጠገብ የሚያድር ከሆነ አይጥ ሽቦውን በልታው እንደ ሆነ ማየት ሴንሰር ከመግዛት ይቀድማል።

የአገራችንን ከፍታ የሚመለከት አንድ ነገር ደግሞ በውጭ አገር መጻሕፍት ብቻ የተማሩትን መካኒኮች ያሳስታቸዋል። ሞተሩ ሳይነሣ የአየር ግፊት ሴንሰር ሲነበብ፣ በባሕር ጠረፍ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ያሳያል፤ የጥገናው መጽሐፍም ይህን ያህል ሊል ይችላል። ፍኖተ ሰላም ወደ 1900 ሜትር፣ ቡሬም ወደ 2100 ሜትር ከፍታ ላይ ስላሉ ግን በእነርሱ ዘንድ ትክክለኛው ቁጥር 80 ገደማ ነው። ይህን 80 አይቶ ሴንሰሩ ተበላሽቷል የሚል መካኒክ ደኅናውን ዕቃ ያስጥላል። እንዲያውም በፍኖተ ሰላም ቆሞ 100 የሚያሳይ ሴንሰር ቢገኝ ሊጠረጠር የሚገባው እርሱ ነው። ያው መኪና ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ቁጥሩ እየጨመረ መሄድ አለበት፤ ወርዶ የማይጨምር ከሆነም ምርመራ ያሻዋል።

በየስፍራው የሚታይ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ሹፌሩ መብራቱ እንዳይታይበት ሲል፣ ወይም መካኒኩ ተጠግኗል ለማለት ሲቸኩል፣ የተጻፈውን ቁጥር ሳይገለብጥ ይሰርዘዋል። ከቁጥሩ ጋራ ኮምፒዩተሩ ጥፋቱ በደረሰበት ቅጽበት የነበረውን የሞተር ዙር፣ ሙቀትና ጭነት መዝግቦ ይይዛል፤ ሲሰረዝ ይህ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ምስክሩ ከችሎት ተባረረ ማለት ነው። ስለዚህ የመለዋወጫ ግዢ ሲጠየቅ፣ ከመጠየቂያው ጋራ የተነበበው ቁጥር፣ የተነበበበት ቀንና የመኪናው ኪሎ ሜትር፣ ደግሞም ዕቃው ለመበላሸቱ የተደረገው ፈተና በጽሑፍ ተያይዞ እንዲቀርብ ማዘዝ ለአስተዳዳሪው ምንም አይከብደውም። የቁጥሮቹም ትርጓሜ ከኢንተርኔት ብቻ የሚፈለግ እንዳይሆን በወረቀት ታትሞ በጋራዡ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ሥራው አይቆምምና።

በስልክ የሚሠሩት ርካሽ አዳፕተሮች የማይጠቅሙ አይደሉም፤ ነገር ግን ችሎታቸው የጋራውን ቋንቋ እስከ ማንበብ ነው። በብዙ አዳዲስ የናፍታ ሞተሮች ላይ አዲስ ኖዝል ሲገባ በኖዝሉ ላይ የተጻፈው መለያ ቁጥር ወደ ኮምፒዩተሩ መግባት አለበት፤ ይህን የሚያደርገው የሠሪው ኩባንያ ፕሮግራም ወይም ከእርሱ ጋራ የሚተካከል መሣሪያ ነው። ይህ ሥራ ሲሠራ ባትሪው ደካማ ሆኖ መካከል ላይ ቢቋረጥ ኮምፒዩተሩ ራሱ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ቻርጀር ሳይታሰር መጀመር አይገባም።

በትራክተርና በኮምባይነር በኩል ችግሩ ከዚህ ይከብዳል። አሮጌዎቹ ትራክተሮች በመፍቻና በመዶሻ የሚጠገኑ ነበሩ፤ አዲሶቹ ግን የኩባንያው ፕሮግራም ከሌለ ስማቸውን ስንኳ የማይናገሩ አሉ። ይህ የእኛ ገበሬ ብቻ ችግር አይደለም። የአሜሪካ ገበሬዎች የገዛነውን ትራክተር ራሳችን እንዳንጠግን ተከለከልን ብለው ብዙ ዘመን ከተከራከሩ በኋላ፣ የጆን ዲር ኩባንያ በጥር ወር 2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከአገሩ የገበሬዎች ማኅበር ጋራ የስምምነት ሰነድ ተፈራረመ፤ በዚያው ዓመት የኮሎራዶ ግዛት የእርሻ መሣሪያ ሠሪዎች የመመርመሪያ መሣሪያና ጽሑፍ ለባለንብረቶች እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። እኛ እንዲህ ያለውን መብት በቀላሉ ልናገኝ የምንችልበት ጊዜ አንድ ነው፤ እርሱም ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው። ትራክተሩ ፍኖተ ሰላም ከደረሰ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ብዙ አያስገኝም።

ስለዚህ ዞኑ፣ ወረዳው፣ ዩኒየኑ ወይም ባለሀብቱ ትራክተርና ኮምባይነር ሲገዛ በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ የምንመክረው፣ ሻጩ ለዚያ ሞዴል የሚሆነውን መመርመሪያ መሣሪያና ገመዱን፣ ፕሮግራሙን ከነፈቃዱና ፈቃዱ ለስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ የቁጥሮቹን ትርጓሜ የያዘ መጽሐፍ፣ በተጨማሪም ከአካባቢው ለተመረጡ 2 ወይም 3 መካኒኮች ሥልጠና እንዲያቀርብ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ለሚገዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ይኸው ቃል ይጻፍ፤ በእነርሱ ዘንድ የባትሪውን ጤና የሚጠብቀው ኮምፒዩተር ነውና። መሣሪያው ሲደርስ በአንድ ሹም መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር በንብረት መዝገብ ገብቶ፣ ማን እንደ ወሰደውና መቼ እንደ መለሰው እየተፈረመበት በጋራዡ ይቀመጥ።