ዋጋው በውስጥ መስመር ብቻ ሲነገር

ደባርቅ ውስጥ በአስጎብኚነት የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። የውጭ እንግዶችን ይዞ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወዳሉት ወደ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ይወጣል። ላይኛው ሜዳ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚሞት ደህና ፓወር ባንክ ፈለገና ቴሌግራም ላይ ማሰስ ጀመረ። ዕቃው በየቻናሉ ሞልቷል፣ ፎቶው ያምራል፣ ከሥሩ ግን ያቺው የተለመደች መስመር አለች፦ «ዋጋ በኢንቦክስ»። ጻፈ፣ ተነገረው። ትንሽ ቆይቶ እህቱ በራሷ ስልክ ያንኑ ዕቃ ከዚያው ሻጭ ጠየቀች፤ ለእሷ የተነገራት በ400 ብር ያነሰ ነው። የእሱ ፕሮፋይል ላይ ከፈረንጆች ጋር ቆሞ የተነሣው ፎቶ አለ። ምክንያቱ ፎቶው ይሁን ሌላ፣ ሻጩ ነው የሚያውቀው። ከአንድ ሻጭ ተነሥቼ ሁሉንም ማማት አልፈልግም፤ ነገር ግን ዋጋው ፎቶው ሥር ተጽፎ ቢሆን ይህ ነገር ሊደረግ ባልቻለ ነበር።

የሚገርመው የዚህ ሰው የራሱ ሥራ ዋጋ የታወቀ መሆኑ ነው። ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የደረሰ እንግዳ የመግቢያውን፣ የጥበቃ ስካውቱን፣ የአስጎብኚውን፣ የበቅሎውንና የባለበቅሎውን የቀን ሒሳብ በታሪፍ ነው የሚያገኘው። አስጎብኚዎቹም ባለበቅሎዎቹም በማኅበር ተደራጅተው በተራ ነው የሚወጡት። የመግቢያ ክፍያው ለውጭ ዜጋና ለኢትዮጵያዊ ይለያያል፤ ልዩነቱ ግን አስቀድሞ የተወሰነና የሚታወቅ ስለሆነ ማንም «ፊቴን አይቶ ጠራብኝ» አይልም። እኔም ስለ ግልጽ ዋጋ ስናገር ሁሉም ሰው እኩል ይክፈል ማለቴ አይደለም፤ ልዩነት ካለ ይታይ ነው። (ይኸው ተራራ ኢንተርኔት ላይ ሲሸጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መኪናው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ድንኳኑና የድርጅቱ ትርፍ አንድ ላይ ይጠቀለልና «ለዋጋ ይጻፉልን» ይባላል። እንግዳው ደባርቅ ደርሶ ታሪፉን ሲያይ የቀረውን ገንዘብ ማን እንደወሰደው ማስላት ይጀምራል።)

የኢንቦክስ ዋጋን ነገር ሳነሣ ብዙ ሰው የሚመልስልኝ «ገበያ ላይስ መቼ ዋጋ ተጽፎ ያውቃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳባት ገበያ ገብስና ባቄላ ላይ ወረቀት የለጠፈ ሰው አላየሁም፤ ሁሉም በክርክር ነው። ግን ክርክሩ የሚካሄደው ሰው መሐል ነው። አንዲት እናት ስትጠይቅ አጠገቧ የቆመችው ትሰማለች፣ ካልተስማማት ሦስት እርምጃ ተራምዳ ሌላውን ትጠይቃለች፣ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ብዙ አይጠራም። ከገበያ የሚመለስ ሰው መንገድ ላይ «ገብስ ስንት ዋለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ሲመሽ ቀበሌው በሙሉ ዋጋውን ያውቀዋል። ዋጋው ወረቀት ላይ ባይሰፍርም ሕዝብ ያውቀዋል። ኢንቦክስ ውስጥ ግን ሻጩ መቶ ሰው ሲያናግር ይውላል፣ መቶዎቹ እርስ በርስ አይተያዩም። ለአንዱ የተቀነሰው ለሌላው መከራከሪያ አይሆንም።

ፒተር ዳይመንድ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ጽሑፍ አንድ የማይመስል ነገር አሳይቷል። ዋጋ ማወቅ ራሱ ድካም ካለው፣ ድካሙ ትንሽም ቢሆን፣ የሻጮች መብዛት ብቻውን ዋጋ አያወርድም። ገዢው ሌላ ዘንድ ሄዶ ለመጠየቅ ስለሚሰለች እያንዳንዱ ሻጭ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይሄዳል፤ መጨረሻው ሁሉም ብቸኛ ሻጭ ቢሆን ኖሮ የሚጠራውን ዋጋ መጥራት ነው። ዳይመንድ ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። አሥር ቻናል ከፍቶ፣ አሥር ቦታ «ስንት ነው?» ብሎ ጽፎ፣ መልስ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ይህን በተግባር ያውቀዋል። በአራተኛው ይደክመዋል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ቅመም አለው፦ ይሉኝታ። ሻጯ «የኔ ወንድም» ብላ ድምፅ ከላከች፣ ቪዲዮ ቀርጻ ካሳየች፣ «ለአንተ ስል ቀንሼልሃለሁ» ካለች በኋላ ዝም ብሎ መውጣት ነውር ይመስላል። ያንን ሁሉ ያደረገችው ዋጋውን ለመናገር አልነበረም።

በእህል ንግድ ዋጋ ያለማወቅ ችግር አዲስ አይደለም። ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን የእህል ነጋዴና ደላላ እንዴት እንደሚገናኝ ለዓመታት አጥንተዋል፤ በእሳቸው መሪነት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር አንዱ ትልቅ ሥራው ዋጋ ማሰራጨት ነበር። አዲስ አበባ የተሸጠበት ዋጋ በገበያ ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎችና በስልክ ይነገር ነበር። መተማ ላይ ሰሊጥ የያዘ ገበሬ የማዕከሉን ዋጋ ካወቀ፣ «ገበያው ወድቋል» የሚለውን ሰብሳቢ ቢያንስ ቀና ብሎ ሊያየው ይችላል። ሰሌዳው ሁሉንም ፈታ አልልም፤ የዋጋ መታወቅ የመንግሥትን ገንዘብ ያስወጣ ጉዳይ መሆኑን ግን ያሳያል። ዛሬ ለአንድ ቻናል ባለቤት የሚያስወጣው አንድ መስመር መጻፍ ነው።

የሻጮቹን ምክንያትም ሰምቻለሁ። አንዱ የምንዛሪው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ጠዋት የጻፉት ዋጋ ማታ ያከስር ነበር። እውነት ነው። ግን የቴሌግራም ልጥፍ ኤዲት ይደረጋል፤ «ዋጋው እስከ ዓርብ» ብሎ መጻፍም ይቻላል። ሁለተኛው ምክንያት «ተፎካካሪ አይቶ ይሰብረኛል» የሚል ነው፤ ይህኛው ግን ለእኛ ለገዢዎች መልካም ዜና ነው። ሦስተኛውን ማንም በግልጽ አይናገረውም፦ ብዙዎቹ ቻናሎች ዕቃው በእጃቸው የለም። የሌላውን ፎቶ አንሥተው፣ ትርፋቸውን ጨምረው፣ ገዢ ሲያገኙ ነው ወደ መርካቶ የሚደውሉት። ዋጋ ከጻፉ ከዋናው ባለቤት ጋር ይነጻጸራሉ።

ሕጉ ምን ይላል ለሚል፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዛል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰውም በ15 ቀን ውስጥ የግዢ ማስረጃውን ይዞ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ማንነቱን፣ አድራሻውንና ዋጋውን ለገዢው እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ አልተበደልንም።

የተበደልነው መንገዱ ላይ ነው። «ዴሊቨሪ ነፃ» የሚለው ቻናል አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ማለቱ ነው። ደባርቅ ለሆነ ሰው ዕቃው መጀመሪያ ጎንደር ይገባል፣ ከዚያ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ይመጣል፤ ለሾፌሩ ወይም ለረዳቱ ይከፈላል፣ የታርጋ ቁጥርና ስልክ ይላካል፣ መናኸሪያ ቆመን እንጠብቃለን። ገንዘቡ አስቀድሞ በቴሌብር ወይም በባንክ ገብቷል፤ ስክሪንሾቱም ተልኳል። ዕቃው ሲፈታ ቻርጅ የማይዝ ከሆነ፣ የ15 ቀኑ መብት በዚያው መንገድ መመለስ አለበት፤ የመልሱን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ደግሞ ማንም አስቀድሞ አልተናገረም። ስለዚህ ሰው ይተወዋል። የተሰበረው ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ የሚቀጥለው ግዢ ጎንደር ባለ ዘመድ በኩል ይሆናል። በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ሁላችንም ወደዚያው ተመልሰን ነበር፤ ዳታው ሲመጣ ያልተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ፣ ምክንያታቸውም ኔትወርክ አይደለም።

ስለ ቅናሽም አንድ ነገር ልበል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2022 ጀምሮ «ቅናሽ» የሚል ነጋዴ ካለፉት 30 ቀናት ዝቅተኛውን ዋጋ አብሮ እንዲያሳይ አስገድዷል። ምክንያቱ እዚህም የምናውቀው ነው፦ ማንም ያልከፈለውን ዋጋ ጽፎ በላዩ መስመር ማስመር። እኛ ዘንድ ይህን ለመቆጣጠር መጀመሪያ ትናንት የተጻፈ ዋጋ መኖር አለበት። ኢንቦክስ ውስጥ የተነገረ ዋጋ ትናንት የለውም።

እዚህ ቻናል ላይ ማስታወቂያ እንዳወጣላችሁ የምትጠይቁኝ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከጎንደር ብዙ ናችሁ። ከአሁን በኋላ ዋጋ የሌለው ማስታወቂያ አልለጥፍም። ዋጋው ደባርቅ ወይም ዳባት መናኸሪያ እስኪደርስ ያለውን ሁሉ ይጨምር፤ ዕቃው በእጃችሁ ነው ወይስ ከሌላ ነው የምታመጡት፣ ይጻፍ፤ የተበላሸ ሲመለስ የመኪናውን ማን እንደሚከፍልም እንዲሁ። መደራደር የሚፈልግ ኮሜንት ላይ ይደራደር፣ ሌላውም ያንብበው። ዋጋ ስትቀይሩ ጻፉልኝ፣ የቀድሞውን ሳላጠፋ አዲሱን ከነቀኑ ከሥሩ እጨምራለሁ።