ሰርቨሮች በኅብረት ሲሠሩ፦ ከገመዱ በፊት እቅዱ



ለሁለት ቤተሰብ አንድ ዓይነት የራሽን ካርድ ቁጥር ቢሰጥ በእደላው ቀን ምን እንደሚፈጠር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ቀድሞ የደረሰው ይወስዳል፣ ሁለተኛው «ወስደሃል» ይባላል፣ ቀኑም በጭቅጭቅ ያልቃል። በኮምፒዩተሮችም ዘንድ ይኸው ይደርሳል። በዚህ እትም ብዙ ሰርቨሮች ተያይዘው እንደ አንድ ሲሠሩ ግንኙነታቸው እንዴት እንደሚታቀድ እናያለን።

ሰርቨር ማለት ሌሎች ኮምፒዩተሮች መረጃ ሲጠይቁት የሚሰጥ ኮምፒዩተር ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ብቻ ከሆነ፣ እሱ በተበላሸ ዕለት የተማሪው ሁሉ ውጤት አብሮት ይዘጋል። የትምህርት ማስረጃውን ጥሎ ለተሰደደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወላጆች ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሰርቨሮችን አያይዞ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካው ይደረጋል። ስብስቡ ክላስተር፣ እያንዳንዱ አባል ደግሞ ኖድ ይባላል።

ለዚህ የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት በናሳ፣ ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር ከገበያ የተገዙ ዕቃዎችን በመጠቀም 16 ኖዶች ያሉት ቤዎውልፍ የተባለ ክላስተር ሠሩ። የቸገራቸው መንገዱ ነበር፤ ኮምፒዩተሮቹ የሚያወጡትን መረጃ አንድ የኢተርኔት መስመር ሊሸከመው አልቻለም። ገመዶች የሚገናኙበት ስዊች የተባለው ሳጥንም በዚያን ጊዜ ውድ ነበር። ስለዚህ ጭነቱን ከአንድ በላይ በሆኑ መስመሮች ላይ አከፋፈሉት።

አሁን ወረቀትና እርሳስ አምጡ። ሦስት ሰርቨሮች አሉን እንበል። ለእያንዳንዱ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ይኑረው። በአንደኛው ከመማሪያ ክፍሉ ኮምፒዩተሮች ጋር ይገናኛል፤ በሁለተኛው ሰርቨሮቹ እርስ በርሳቸው ብቻ ይነጋገራሉ። ለምን ይለያያል? ሰርቨሮቹ ያለማቋረጥ «አለሁ፣ አለሁ» ይባባላሉ። መልእክቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን መዘግየት የለበትም። ሠላሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ ትልልቅ ፋይል ሲከፍት መንገዱ ተጨናንቆ መልእክቱ ቢዘገይ፣ ደህና የሆነው ሰርቨር እንደ ሞተ ይቆጠራል።

ቀጥሎ አድራሻ ነው። አድራሻው አራት ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 255 ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ በ10 እና በ192.168 የሚጀምሩትን ማንም ሳያስፈቅድ በግቢው ውስጥ እንዲጠቀምባቸው ለይቷቸዋል። እንግዲህ ወደ ክፍሉ ለሚወስደው መንገድ 192.168.10.11፣ 12 እና 13፤ ለውስጡ መንገድ 10.10.10.11፣ 12 እና 13 ብላችሁ ጻፉ። የአንዱ ሰርቨር የመጨረሻ ቁጥር በሁለቱም መንገድ አንድ መሆኑን ልብ በሉ፤ ሌሊት ብልሽት ለሚፈልግ ሰው ብዙ ያግዘዋል። አብሮ የሚሞላው 255.255.255.0 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች የመንደሩ፣ የመጨረሻው የቤቱ ነው ማለት ነው። በመጨረሻው ቦታ 0 እና 255 ለማንም አይሰጡም።

ለተማሪዎቹ ኮምፒዩተሮች አድራሻ የሚታደለው ባብዛኛው በራሱ ነው። ለእደላው ከ100 እስከ 200 ያለውን ብቻ ፍቀዱለት። አለበለዚያ አንድ ቀን የሰርቨሩን ቁጥር ለአንድ ተማሪ ኮምፒዩተር ይሰጥና የራሽን ካርዱ ታሪክ ይደገማል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ሌላ ነው። ሰርቨሮቹ ሁለት ብቻ ሆነው በመካከላቸው ያለው ገመድ ቢቆረጥስ? አንዱ «ጓደኛዬ ሞቷል፣ ኃላፊው እኔ ነኝ» ይላል፤ ሌላውም እንዲሁ። ሁለቱም መመዝገባቸውን ይቀጥላሉ። ለአንድ ተማሪ በአንደኛው 72፣ በሌላው 57 ተጽፎ ቢገኝ እውነተኛው የትኛው ነው? ማሽኑ ሊፈርድ አይችልም። ሦስት ሲሆኑ ግን በድምፅ ብልጫ ይወሰናል፤ የሚተያዩት ሁለቱ ሥራውን ይቀጥላሉ፣ ብቻውን የቀረው ራሱን ያቆማል። አራተኛ ቢጨመር ብልጫው ሦስት ድምፅ ስለሚሆን፣ አሁንም የአንዱን መውደቅ እንጂ የሁለቱን አይችልም። ቁጥሩ ጎዶሎ እንዲሆን የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አቅም ካለ ለውስጡ መንገድ ሌላ ካርድና ሌላ ስዊች ይጨመራል። ነገር ግን ሁለቱን ስዊች በአንድ ሶኬት ላይ ሰክቶ «ተዘጋጅቻለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም!

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ፣ የማንም ውጤት ሳይገባበት፣ መምህሩ ባሉበት አንዱን ገመድ ንቀሉና ምን እንደሚሆን ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሰርቨሮቹ አምስት ቢሆኑ ስንቱ ቢወድቅ ሥራው ይቀጥላል? መልሱን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ለሒሳብ መምህራችሁ ስጡ።