የመናገር ችግር ላለባቸው ልጆች የሚያገለግሉ የመግባቢያ መርጃዎች፤ የምርምሩ አካሄድና የዋግ ኽምራ ትምህርት ቤቶች

የሚነገረውን ሁሉ እየሰማና እየተረዳ፣ ከአንጎል ጉዳት የተነሣ አንደበቱ የማይታዘዝለት ልጅ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ «አይገባውም» ተብሎ ይታለፋል። በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች እንዲህ ያለ ተማሪ የገጠመው መምህር ደግሞ ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ልጁ በምን ይናገር? በየትኛውስ ቋንቋ? በብዙ የገጠር ቤቶች የሚነገረው ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ኽምጣና ነውና።

በዓለም ላይ የተደረገው ምርምር በመጀመሪያ ያተኮረው በመሣሪያው ላይ ነበር። ቻርልስ ብሊስ እ.ኤ.አ. በ1949 ለዓለም አቀፍ መግባቢያ ብሎ ያሳተማቸው ምልክቶች በ1971 በካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ መናገር ለማይችሉ ልጆች ማስተማሪያ ሆኑ። ቀጥሎም የተጻፈውን በድምፅ የሚያሰማ ኮምፒዩተር መጣ፤ የፊዚክስ ሊቁ ስቴፈን ሆኪንግ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይጠቀምበት ስለ ነበር በሰፊው ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ አድማጩ መልሰዋል። መምህሩና ቤተሰቡ ራሳቸው ሲናገሩ ሥዕሉን እያመለከቱ ካላሳዩትና መልሱንም በትዕግሥት ካልጠበቁት፣ ሰሌዳው ከግድግዳ ጌጥ አይለይም።

ወላጆች «ሰሌዳ ከለመደ ጨርሶ አይናገርም» ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ የሚናቅ አይደለም፤ ሆኖም በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ፣ አስተማማኝ ማስረጃ ከቀረበላቸው 27 ሰዎች መካከል ንግግሩ የቀነሰበት አንድም ሰው አለማግኘቱን፣ የአብዛኞቹም በመጠኑ መሻሻሉን ገልጿል።

የእኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። 231 ፊደላትን በአንድ ሰሌዳ መደርደር እጁ ለሚንቀጠቀጥ ልጅ ፈተና ነው። ይልቁንም 33ቱን ዋና ፊደላት በአንድ ወገን፣ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን 7 ድምፆች በሌላ ወገን ብናደርግ 40 ቦታ ይበቃል፤ «ሙ» ለማለት መጀመሪያ «መ»ን፣ ቀጥሎ ካዕብን ማመልከት ነው። ለኽምጣና «ጘ»ን የመሰለ፣ አማርኛ የማይጠቀምበት ፊደል ይጨመራል። የድምፅ መሣሪያ ለሚሠሩት ደግሞ መጥበቅና መላላት በጽሕፈት አለመታየቱ ችግር ነው፤ «ገና» የሚለው ቃል በዓሉ ይሁን ጊዜው ያልደረሰ ነገር፣ ማሽኑ ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አለበት።

ከውጭ አገር የተቀዳ የሥዕል ሰሌዳ ሌላም ጉድለት አለው። ለስም ሥዕል ማግኘት ቀላል ነው፤ ፍየሉም፣ ቀፎውም፣ ገብሱም ይሣላል። ነገር ግን በአማርኛ «አልበላም» አንድ ቃል ሆኖ ማንነትንም እምቢታንም ስለሚይዝ፣ የመብላት ሥዕል ብቻውን የልጁን አሳብ አያደርስም። ስለዚህ «እፈልጋለሁ»፣ «አልፈልግም»፣ «ጨምርልኝ»፣ «ተወኝ» የሚሉት እንዳሉ በሰሌዳው ላይ ሊገቡ ይገባል። እምቢ ማለት ያልተቻለበት ሰሌዳ በእኔ አስተያየት ልጁን የሚያገለግለው በግማሽ ነው።

በዋግ ኽምራ ሥራው ከወረቀት ቢጀመር ይመረጣል፤ ወረቀት መብራት አይሻም፣ ሲቀደድም ይተካል። ቃላቱ መሰብሰብ ያለባቸው ከእናት፣ ከአባትና ከእረኛ ጓደኞቹ አፍ ነው፤ በመጀመሪያ በኽምጣና፣ ልጁ ትምህርቱን ሲቀጥል አማርኛው ከሥሩ ይጻፍ። ዕቅድ አውጪዎችም ለሰሌዳው ማባዣ ብቻ ሳይሆን፣ መምህሩ ወደ ልጁ ቤት ሄዶ ቤተሰቡን ለሚያለማምድበት ቀን ጭምር በጀት ሊይዙ ያስፈልጋል።