አስቀድሞ የታወቀ ምርጫ

ኦሪት ሕይወትንና ሞትን በሰው ፊት አኑራ «ምረጥ» ትላለች። ያችው ኦሪት የፈርዖንን ልብ ያጸናው እግዚአብሔር መሆኑንም ትናገራለች። የአይሁድ ሊቃውንት ሁለቱን ለማስታረቅ ከሺህ ዓመታት በላይ ደክመዋል።

የሊቃውንቱ መጽሐፍ ታልሙድ እንደሚተርከው ሰው ሲፀነስ አንድ መልአክ የዘሩን ጠብታ ይዞ በፈጣሪ ፊት ይቆማል። ጽንሱ ብርቱ ወይስ ደካማ፣ ብልህ ወይስ ሞኝ፣ ባለጸጋ ወይስ ድሃ እንደሚሆን ይጠይቃል። ጻድቅ ወይስ ኃጥእ ብሎ ግን አይጠይቅም፤ ያ ለሰውየው የተተወ ነው። ትረካው ዕድልን ከምግባር ይለያል እንጂ ፈጣሪ ምርጫውን አስቀድሞ ያውቅ እንደሆነ አይነግረንም።

በ10ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ የጻፉት ሳዲያ ጋዖን ማወቅ ምክንያት አይደለም አሉ። ሰው ቢናገር ፈጣሪ መናገሩን ያውቃል፤ ዝም ቢል ዝምታውን ያውቃል። ማወቅ ምክንያት ቢሆን ኖሮ፣ ፈጣሪ ሁሉን ከዘላለም ስለሚያውቅ ሁሉም ነገር ዘላለማዊ በሆነ ነበር።

እጅግ የታወቀው ክርክር የተነሣው ግን እ.ኤ.አ. በ1204 ባረፉት በሐኪሙና በሕግ ሊቁ በሙሴ ቤን ማይሞን ላይ ነው። «ሚሽኔ ቶራ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ንስሐ ሲጽፉ የሰው ነጻነት የማይናወጥ መሠረት መሆኑን አስረግጠው፣ ፈጣሪ አስቀድሞ ካወቀ ሰው እንዴት ነጻ ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ራሳቸው አነሡ። መልሳቸው የፈጣሪ ዕውቀት ከራሱ ከፈጣሪ የተለየ ስላልሆነ ባሕርዩ እንደማይመረመር ሁሉ ዕውቀቱም አይመረመርም የሚል ነው። የደቡብ ፈረንሳዩ ረቢ አብርሃም ቤን ዳዊት በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ ተቆጡ፦ መልስ የሌለውን ጥያቄ አንሥቶ አንባቢን በጥርጣሬ መተው የጠቢብ ሥራ አይደለም! ከዚያም የፈጣሪን ማወቅ ከኮከብ ቆጣሪ ማወቅ ጋር አመሳስለው የራሳቸውን መልስ ሞከሩ። የሚገርመው፣ በመልሳቸው እሳቸውም ብዙ አልተመኩበትም።

በ1329 መጽሐፉን የፈጸመው የፕሮቫንሱ ሌዊ ቤን ጌርሾን ከፈጣሪ ዕውቀት ቀነሰ፦ ፈጣሪ ጠቅላላውን ሥርዓት ያውቃል፤ ሰው የሚመርጠውን እያንዳንዱን ነገር ግን አስቀድሞ አያውቅም። የስፔኑ ሐስዳይ ክሬስካስ ደግሞ ከሰው ነጻነት ቀነሰ። በ1391 በባርሴሎና በአይሁድ ላይ በተነሣው ጭፍጨፋ ልጁን ያጣው ይህ ሊቅ፣ የሰው ፈቃድ ራሱ በምክንያቶች የሚንቀሳቀስ መሆኑን፣ ትእዛዝም ከእነዚሁ ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ አስተማረ። በእሱ ዘንድ እሳት የቀረበ ሰው እንደሚቃጠል ቅጣትም ኃጢአትን ይከተላል። ይሁንና ክፉዎች ሰበብ እንዳያደርጉት ፈርቶ፣ ይህን ትምህርት በሕዝብ ዘንድ መግለጥ ጉዳት አለው ሲል አስጠነቀቀ።