ደባርቅን ግራ እጅ ብቻውን ይጽፋታል፦ ስለ ኪቦርድ የሚባለውና እውነታው

ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያጠናቅቅ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት በሚያካሂደው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል የልደትና የሞት መረጃ የሚያስገባ፣ ሁሉም ቀኑን የሚያሳልፈው ኪቦርድ ላይ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ከሚነገረው ብዙው ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ዋጋ ያስከፍላል። ለእንግሊዝኛ የተደረደረውን ሰሌዳ ሊነካ እንደማይችል ነገር ተቀብለን ጣታችንን ስናስገድድ እንኖራለን። በገዛ እጅ ሽቦው ተበይዶ፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ የቁልፎቹ ቦታ ጸሐፊው እንደፈለገ የሚወሰን ኪቦርድ መኖሩን፣ በስሜን ግርጌም ሊሠራ እንደሚችል የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ከሁሉ የተስፋፋው «አማርኛ ለመጻፍ የአማርኛ ፊደል የተለጠፈበት ኪቦርድ መግዛት ያስፈልጋል» የሚለው ነው። ቁልፉ ላይ የተለጠፈው ፊደል ዓይንን ይረዳል እንጂ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ነገር የለም። ኪቦርድ የሚልከው ቁጥር ነው። በዩኤስቢ ደንብ የላቲኑ ኤ 4 ነው፤ ቢ 5፣ ሲ 6 እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩን ተቀብሎ ፊደል የሚያደርገው ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጫነው መጻፊያ ነው፤ ለምሳሌ በነጻ የሚገኘው ኪማን። «ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ስላለን ከሁለት መቶ በላይ ቁልፍ ይፈለጋል» የሚለውም እዚሁ ላይ ይወድቃል። የላቲኑን ኤል ሲነኩ ል ይመጣል፤ ኢ ሲከተል ለ፣ ዩ ሲከተል ሉ ይሆናል። 33ቱ ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ፊደል ይወጣቸዋል፤ ጣት የሚያውቀው ግን ተነባቢውንና አናባቢውን ብቻ ነው።

በጽሕፈት መኪና ዘመን ስጋቱ እውነት ነበር። በመኪናው ላይ አንድ ቁልፍ የሚመታው የተቀረጸበትን ብረት ብቻ ስለሆነ፣ ለአማርኛ መኪና በማዘጋጀት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉንና ቅጥያውን ለየብቻ አስመትተው ወረቀት ላይ እንዲገጣጠሙ ማድረግ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነ ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍሥሓ አጥላው ፊደሉን ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የዩኒኮድ 3.0 እትም ለግዕዝ ፊደል ቋሚ ቦታ ሰጠው። ያ ድርድር ያምራል፦ በአሥራ ስድስት መሠረት ሲቆጠር ሀ 1200፣ ለ 1208፣ ሐ 1210፣ መ 1218 ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ከግዕዝ ወደ ካዕብ መሄድ አንድ መደመር ነው።

አሁን ወደ ጣቶቹ። «የኪቦርዱ አደራደር ጸሐፊን ለማዘግየት ታስቦ የተሠራ ነው» ሲባል ይሰማል። ይህን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ የለም። የተረጋገጠው የአሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በሬሚንግተን መኪና ገበያ ላይ መዋሉ ነው። አማርኛ በዚያ ሰሌዳ ላይ በላቲን ድምፅ መጻፍ የጀመረው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ያልታሰበ መሆኑ አያስገርምም። ምን ያህል እንዳልታሰበ ለማየት በኪማን የአጻጻፍ ስልት የቅርቡን አገር ስም እንጻፍ። ደባርቅ፦ ዲ፣ ኢ፣ ቢ፣ ኤ፣ አር፣ ኪው። ስድስቱም በግራ እጅ ድርሻ ውስጥ ናቸው። ዳባት፦ ዲ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኤ፣ ቲ፤ አሁንም ግራ እጅ ብቻ። ወገራም እንዲሁ ነው፤ ደብሊው፣ ኢ፣ ጂ፣ ኢ፣ አር፣ ኤ። ከደባርቅ ወደ ጎንደር መንገድ ሲወጡ ሦስት ወረዳ ሙሉ ቀኝ እጅ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ከደባርቅ በተቃራኒው አቅጣጫ ወጥተው ሊማሊሞ ሲደርሱ ነው ተራው የሚገለበጠው፤ ከአንዷ ኤ በቀር ሁሉም የቀኝ ነው።

የአገር ስም አጋጣሚ ነው ቢባል፣ የቋንቋው ጠባይ ግን አጋጣሚ አይደለም። ራብዕ ድምፅ አማርኛን የሞላ ነው፤ እርሱን የሚያመጣው ኤ ደግሞ በግራ እጅ ትንሿ ጣት ሥር ነው። በእንግሊዝኛ እምብዛም የማይፈለገው ትልቅ ፊደልም ለእኛ የዘወትር ነው፤ ጠ፣ ጨ፣ ኘ፣ ጸ፣ ጰ የሚመጡት ሺፍት ተይዞ ነው። ዳኛ የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ከዲ ቀጥሎ ትንሿ ጣት የኤ ቁልፍን ትነካለች፣ ወርዳ ሺፍትን ትይዛለች፣ ቀኝ እጅ ኤንን ሲመታ ለቅቃ ትመለስና የኤ ቁልፍን ደግማ ትነካለች። ከጣቶች ሁሉ ደካማዋ በአራት ፊደል ምት ሦስት ጊዜ ትሠራለች ማለት ነው። ሠራተኛ፣ አንደኛ፣ አማርኛ፣ ቃል በኛ ባለቀ ቁጥር ከሺፍት ወደ ኤ መመለሷ ይደገማል። በተቃራኒው ብርቱው አውራ ጣት ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ክፍተት መምታት ብቻ ነው። ለሁለት በተከፈለ ኪቦርድ ለየአውራ ጣቱ ሦስት አራት ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ሺፍትን ወደዚያ ማዛወር ይቻላል፣ ከተፈለገ የኤ ቁልፍንም ጭምር። በእኔ እይታ አማርኛ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ኪቦርድ የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

«ይህ የፋብሪካ ሥራ ነው» የሚለው መልስ ይጠብቃል። ሥራው የሚጠይቀው ሞባይል ጠጋኝ የሚይዘውን ካውያ፣ ቀጭን ሽቦና ትዕግሥት ነው። በአንድ ግማሽ ላይ 30 ቁልፍ ቢኖር ለእያንዳንዱ ሽቦ መዘርጋት አይገባም፤ ለዚህ የሚመረጠው ራስበሪ ፓይ ፒኮ የተባለው ትንሽ ሰሌዳ ራሱ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ያለው 26 እግር ብቻ ነው። ቁልፎቹ በአምስት ረድፍና በስድስት ዓምድ ሲያያዙ 11 ሽቦ ይበቃል። ፒኮው ዓምዶቹን በየተራ እየቀሰቀሰ የትኛው ረድፍ እንደመለሰ ያያል፤ በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ።

ቸኩለው የሚሠሩ ሰዎች «ዳዮዱ ይቅር» ይላሉ። አይቅር። ዳዮድ ከሌለ፣ የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጥግ የሆኑ ቁልፎች አብረው ሲያዙ ያልተነካው አራተኛው እንደተነካ ይቆጠራል፤ ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉ ውስጥ ያልጻፈውን ፊደል ያገኛል። ለየቁልፉ አንድ 1ኤን4148 ይበየዳል፤ ጥቁሩ መስመር ሁሉም ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር አለበት።

«ከተጣለ የቢሮ ኪቦርድ ይሠራል» የሚለው ደግሞ ብዙ ሰውን የሚያሳዝን ተስፋ ነው። የቢሮው ኪቦርድ ውስጡ የጎማ ቆብና የታተመ ፕላስቲክ ስለሆነ ነቅሎ ለብቻው የሚበየድ ቁልፍ አይገኝበትም። ሜካኒካል የሚባሉት ቁልፎች ከውጭ ማስመጣት ይጠይቃሉ፤ ከባዱ ወጪም እዚህ ላይ ነው። መደቡን ግን አናጺ ይሠራዋል፤ 14 ሚሊሜትር በ14 ሚሊሜትር የሆኑ ቀዳዳዎች፣ ከመሐል እስከ መሐል 19 ሚሊሜትር ያህል ተራርቀው።

ፕሮግራሙም ፕሮግራመር መሆን አይጠይቅም። ኪውኤምኬ የተባለው ነጻና ክፍት ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ የራስን አደራደር በሠንጠረዥ ሞልቶ ማጠናቀር ነው የሚቀረው። ኔትወርክ ባለበት ቀን ሙሉ ፓኬጁ አንዴ ከወረደ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፒኮው ላይ ያለችው ቁልፍ ተይዛ ዩኤስቢው ሲሰካ እንደ ፍላሽ ዲስክ ይከፈታል፤ ፋይሉን መገልበጥ ብቻ ነው። «መብራት ሲጠፋ አደራደሩ ይጠፋል» የሚባለውም ሐሰት ነው፤ ያለ ኃይል በሚቆይ ማኅደር ውስጥ ስለሚቀመጥ ኪቦርዱ ከዳባት ደባርቅ ቢጓዝ አደራደሩ አብሮት ይጓዛል። አማርኛው ግን አብሮ አይጓዝም። በደረሱበት ኮምፒውተር ኪማን ወይም ሌላ መጻፊያ መኖር አለበት። ኪቦርዱ ራሱ የዩኒኮድ ቁጥር እየጻፈ ሀን እንዲያመጣ ማድረግ ይቻላል፤ ዘዴው ግን በሊኑክስና በዊንዶውስ ይለያያል፣ በአንዳንድ ፕሮግራም ውስጥም አይሠራም። ሙሉ ማመልከቻ በዚያ መንገድ መጻፍን አልመክርም።

ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኘው ገመድ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ይመስላል፤ ስለዚህ «በማንኛውም ጊዜ ይነቀላል ይሰካል» ይባላል። ባለአራት ንክኪው መሰኪያ ሲገባና ሲወጣ የኤሌክትሪኩ መስመር ከመሬት መስመሩ ጋር ሊነካካና ፒኮውን ሊያቃጥል ይችላል። መጀመሪያ ዩኤስቢው ይነቀል።

በመጨረሻ የሚነሣው የጤናው ጉዳይ ነው። «የተከፈለ ኪቦርድ የእጅ ሕመም ይፈውሳል» ማለት ከእውነታው ያልፋል። የሚያደርገው እጅ ወደ ውጭ ሳይጠመዘዝ ከክንድ ጋር ቀጥ እንዲል ነው፤ ይህ ለብዙ ጸሐፊ ትልቅ እፎይታ ነው። የሕመሙ ምክንያት ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በዴንማርክ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት፣ ኪቦርድ መጻፍ በአንጓ ውስጥ የነርቭ መታፈን ለሚያመጣው ካርፓል ተነል ጉልህ መንስኤ ሆኖ አላገኘውም። እርግዝና፣ ስኳር በሽታና የታይሮይድ ዕጢ መድከም ከሕመሙ ጋር የሚያያዙ ናቸው። ስለዚህ ሌሊት ጣቶቹ እየደነዘዙ የሚቀሰቅሱት ሰው አዲስ ኪቦርድ እስኪሠራ መጠበቅ የለበትም፤ ሐኪም ይየው። ጠረጴዛው ክርኑን ወደ ላይ የሚገፋበት ከሆነም ካውያውን ከማንሣቱ በፊት ወንበሩን ከፍ ያድርግ።