ትራማዶል ከሰውነት በስንት ቀን ይወጣል?

በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ይመጣል፦ «ወንድሜ፣ ለወገቤ ትራማዶል ታዞልኝ ስወስድ ነበር። ዐረብ አገር ልሄድ ነው፣ ሜዲካል አለብኝ። በስንት ቀን ይወጣልኛል?» ከአምበርም፣ ከቢቸናም፣ ከሞጣም ይጠይቁኛል። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

ሕመሙ ተመልሶ መጣ ማለት መድኃኒቱ ወጣ ማለት አይደለም። ተራው የትራማዶል ካፕሱል የሚያስታግሰው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቢሆን ነው። ደም ውስጥ ያለው መጠን ግን በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 6 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ የቀረው ግማሽም እንደገና ለመጋመስ ሌላ 6 ሰዓት። እንዲህ እያለ ከደም እስኪጠፋ አንድ ቀን ተኩል ገደማ ይሄዳል። ሽንት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 4 ቀን ይገኛል። ለረጅም ጊዜ በወሰደ፣ ዕድሜው በገፋ፣ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ በታመመ ሰው ላይ ከዚህም ይቆያል። ሞርፊንና ኮዴይን ሽንት ላይ 2 ወይም 3 ቀን ይታያሉ፤ ሜታዶን ሳምንት ሊያልፍ ይችላል። ፀጉር ከተመረመረማ ነገሩ ሌላ ነው፤ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከሥሩ የተቆረጠ 3 ሴንቲ ሜትር የ3 ወሩን ይናገራል።

«ፌጦ በሎሚ ብጠጣስ? ውኃ ባበዛስ?» ለሚሉኝ፦ መድኃኒቱን የሚሰባብረው ጉበት ነው፣ የሚያስወጣው ኩላሊት። ፌጦ አያስቸኩላቸውም። ውኃ ማብዛት ሽንቱን ያቀጥነዋል እንጂ፤ ላቦራቶሪውም መቅጠኑን አይቶ ድገም ይላል።

መመርመሪያዋን ወረቀት ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ አነባበቧ ከእርግዝናው ተቃራኒ ነው። ሁለት መስመር ከወጣ አልተገኘብህም፣ አንድ ብቻ ከሆነ ተገኝቶብሃል። ለሞርፊን የተሠራችው ትራማዶልን አታየውም፤ ለእሱ የራሱ አለው። ወረቀቷም ትሳሳታለች፤ ስለዚህ ውጤቱ በሌላ መሣሪያ ይረጋገጥልኝ ማለት መብታችሁ ነው።

አሁን ስለ እኛው ሰውነት። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ባሳተሙት ጥናት፣ 29 ከመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን የጉበት ኢንዛይም የሚያዘው ዘረመል ተደራርቦ ተገኘባቸው። ይህ ኢንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጣል። እንዲህ ያለው ሰው ለሌላው ልክ የሆነውን መጠን ቢውጥ ሞርፊኑ በአጭር ጊዜ ይበዛበታል፤ ትንፋሹ እስኪያጥር ሊያደርሰው ይችላል። የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይንን ያገደው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ትራማዶልም ኃይሉን የሚያገኘው በዚሁ ኢንዛይም ስለሆነ «ለእሷ ሁለት ፍሬ ምንም አላላትም» ብሎ መዋጥ አያዋጣም። ደግሞ ኮዴይን የወሰደ ሰው ሽንት ሲመረመር ሞርፊን ይገኝበታል፤ እሱ ሞርፊን በዓይኑ አይቶ ባያውቅም።

ወደ ተጓዦቹ ልመለስ። ቀን ቆጥሮ ከመደበቅ፣ ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት የምትወስዱትን ተናገሩ፣ የሐኪሙን ማዘዣም አሳዩ። መድኃኒቱን በሻንጣ ይዞ መግባት ግን የከፋ ነው። ኤምሬትስ ትራማዶልንም ኮዴይንንም የምታስገባው አስቀድሞ ፈቃድ ላወጣ ነው። ግብፅም እ.ኤ.አ. በ2017 290 ፍሬ ትራማዶል ይዛ የገባች እንግሊዛዊት 3 ዓመት ፈርዳባታለች። ለምርመራው ብላችሁ ለወራት የወሰዳችሁትን በአንድ ቀን አታቋርጡ፤ ላብ፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። ሐኪሙ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንስላችሁ።

ለሯጮቻችንም፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ትራማዶል በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። በብስክሌት ውድድር ግን ክልከላው ቀድሞም ነበረ፤ ኮሎምቢያዊው ብስክሌተኛ ናይሮ ኪንታና በ2022 ቱር ደ ፍራንስ ስድስተኛ ወጥቶ ደሙ ላይ ስለተገኘ ውጤቱ ተሰርዞበታል፤ አልወሰድኩም ቢልም።

ከእንግሊዝ ዘመድ የላከላችሁ ማስታገሻ ካለ ካርቶኑን አንብቡት። ኮ-ኮዳሞል የሚል ከሆነ ውስጡ ኮዴይን አለ። የምታጠባ እናት በተለይ እንዳትነካው፤ ሞርፊኑ በጡት ወተቷ ወደ ሕፃኑ ይገባል። ለማንበብ የከበዳችሁ ፎቶውን ላኩልኝ፣ አይቼ እመልሳለሁ።